ጋሽ ከድር የመረጠው ፊልም

ጋሽ ከድር መሞቱን የነገረኝ ተስፉ ነው። ተስፉ ከነፋስ ስልክ ሜክሲኮ የሚመላለስ የታክሲ ሹፌር ነው። ደውሎልኝ የማያውቅ ሰው በጠዋት ሲደውል ገና ስልኩን ሳላነሳው ደነገጥኩ።

"ጽጌ፣ ሰውዬአችን አረፈ" አለኝ።

"የቱ ሰውዬ?" አላልኩትም። እኔና ተስፉ "የእኛ" የምንለው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ከመካኒሳ ለቡ እሱ ቤት ለመድረስ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ አቆየኝ። ስደርስ ተቀብሯል። የሙስሊም ቀብር ሰው አይጠብቅም። ሳልሸኘው በመቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ነገር ግን ይህን የምጽፈው ስለ እኔ ቁጭት አይደለም፤ እሱ ይዞት ስለሄደው ነው።

ነፋስ ስልክ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤትና የእሱ ፊልም ቤት በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይገናኙ ነበር። ጋሽ ከድር በልጅነቱ ታሞ አንድ ጆሮው አይሰማም። ግድግዳችን በደህናው ጆሮው በኩል ስለነበር ግን ሲያስነጥሰኝ ከወዲያ ሆኖ "ይማርሽ!" ይለኛል። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ከቡታጅራ መጥቶ መጀመሪያ ጫማ ሸጠ፤ ቀጥሎ ካሴት፤ ቀጥሎ ዲቪዲ። እኔ ጎረቤቱ ስሆን ዘመኑ የፍላሽ ነበር።

አንቱ መባል አይወድም። የተዋወቅን ሰሞን "ጋሽ ከድር፣ እንደምን አደሩ?" ስለው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየና "ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ከጀርባዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔም፣ ለሰፈሩ ልጆችም "አንተ" ሆነ።

ያኔ ፊልም የሚጭን ሱቅ በየቦታው ነበር። ሁሉም ጋ የምታገኘው አንድ ዓይነት ነው፤ ድብድብ፣ የኮሪያ ተከታታይ፣ የቱርክ ተከታታይ፣ የአማርኛ ፊልም። ጋሽ ከድርም እነዚህን ይጭናል። ልዩነቱ ከጫነልህ በኋላ ፍላሹን ቶሎ አይመልስልህም። በሸሚዙ ጫፍ ያብሰውና፣ ደህናውን ጆሮውን ወደ አንተ አዙሮ፣ "ከማን ጋር ነው የምታየው?" ይልሃል። ብቻዬን ካልክ አንድ ነገር ነው፤ ከሚስቴ ጋር ካልክ ሌላ ነው፤ ከእናቴ ጋር ካልክ ደግሞ ሌላ። መልስህን ሰምቶ ጥቂት ያስብና አንድ ካርቱን ይመርቅልሃል።

ብዙ ሰው ይስቅበት ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጅ የለኝም" ይሉታል። "ለልጅህ ማን ሰጠህ?" ይላል እሱ።

እሱ ካርቱን የሚለው እኛ በቴሌቪዥን ያየነውን የእንስሳት ሩጫ ብቻ አልነበረም። በውሃ ቀለም የተሳሉ የጃፓን ፊልሞች ነበሩት። አሻንጉሊት በእጅ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ የሠሯቸው የቼክ ፊልሞች ነበሩት። ከጭቃ የተሠሩ፣ ከተቆረጠ ወረቀት የተሠሩ፣ መስታወት ላይ በተበተነ አሸዋ የተሳሉ፤ ከኢራንም፣ ከብራዚልም፣ ከሴኔጋልም የመጡ። ብዙዎቹ ጭራሽ ንግግር የላቸውም። ኢንተርኔት ካለው ወዳጁ ቢሮ እየሄደ ያወርዳቸዋል። ውጭ አገር ደርሶ የሚመለስ ሰው ካገኘም "ሸሚዝ አታምጣልኝ፤ ካርቱን አምጣልኝ" ብሎ ይለምናል።

አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደሚወዳቸው ጠየቅኩት።

"እኔ እንግዲህ ጆሮዬ ግማሽ ነው፤ የምሰማው በዓይኔ ነው" አለኝ። "ደግሞ አስቢው ጽጌ። ሌላው ፊልም ላይ ነፋሱ ራሱ መጥቶ ነው የሚነፍሰው። እዚህ ግን ነፋሱን እንኳ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስሎታል። ሰው ሳያስብበት የገባ ነገር የለም።"

ታሪኩን አይነግርህም። "ከነገርኩህ ምን ልታይ ነው?" ይላል። የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስታይ ጫማዋን እይ።" ወይም "በሩ ሲከፈት ውሻውን እየው።" አንተም ቤትህ ገብተህ ሳትወድ በግድህ ጫማዋን ስታይ ታመሻለህ።

ተስፉ መጀመሪያ ቀን ተናዶ ነው የመጣው።

"ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ከረዳትና ከተሳፋሪ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ልዝናና ስል የአህያ ካርቱን ትጭንብኛለህ?"

"አየኸው?"

"አላየሁትም!"

"ታዲያ ምን ያናድድሃል?"

በሳምንቱ ታክሲውን ተራ ላይ አቁሞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሳይገባ "ጋሼ፣ ያቺ አህያ መጨረሻ ላይ የት ሄደች?" አለ።

በአሸዋ የተሳለች፣ ዕድሜ ልኳን ውሃ ወደ ኮረብታ ስትመላለስ የኖረች አህያ ናት። አንድ ጠዋት ባለቤቷ ሲነሳ የለችም፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

"አንተ የት የሄደች መሰለህ?"

"እኔ እንጃ። ሚስቴ ሞታለች ትላለች። እኔ ግን ወንዝ ወርዳለች ነው የምለው። ሁልጊዜ ለሌላ ሰው እየቀዳች ራሷ ስትጠጣ አላየኋትም እኮ።"

ጋሽ ከድር ከወንበሩ ተነሳ። "እኔ ይህን አላየሁም!" አለ። ልጅ የተወለደለት ነበር የሚመስለው። ሁለቱ ስለ አህያዋ ሲከራከሩ የተስፉ ተራ አለፈው።

እኔንም እጮኛዬ ትቶኝ የሄደ ሰሞን አይቶኛል። ምንም አልነገርኩትም፤ ዓይኔ አብጦ ሥራ መግባቴን ብቻ አየ። ከማን ጋር እንደማየው ሳይጠይቀኝ፣ አንድ በጣም የሚያስቅ፣ ከጭቃ የተሠራ የሁለት አሮጊቶች ጠብ ላከልኝ። ብቻዬን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ድረስ ሳቅኩ።

ከሱቃችን ጀርባ ባለው ግቢ አቶ ግርማ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ከሚስቱ ከአልማዝና ከልጁ ከማህሌት ጋር ይኖር ነበር። ማህሌት ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሿን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትመጣለች። ጋሽ ከድር ከደንበኞቹ ሁሉ እሷን ያከብራል ብል አልዋሸሁም። ያየችውን በደንብ ታወራዋለች፤ እሱም ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማታል።

አልማዝ ታመመች። ሐኪም ቤት ተመላለሱ። መጨረሻ ላይ ጸበል ትሞክር ተብሎ ደብረ ብርሃን ወላጆቿ ዘንድ ሄደች፤ እዚያው አርፋ እዚያው ተቀበረች። ግርማ ቀብሮ ብቻውን ተመለሰ። ለልጁ ግን "እማዬ ጸበል ላይ ናት፤ ሲሻላት ትመጣለች" አላት። ግቢው ውስጥ ድንኳን አልተጣለም። እሱም ጥቁር አልለበሰም። ጎረቤቱን ሁሉ ልጅቷ እንዳታውቅ አደራ አለ፤ እኛም መሥሪያ ቤቱ እየሄድን አጽናናነው። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ጊዜው ሲደርስ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ግርማም ጊዜው እስኪደርስ እየጠበቀ ነበር። መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ አለ። ቀጥሎ በዓሉ ይለፍ አለ። ቀጥሎ ደግሞ ምንም ማለት ተወ።

ጋሽ ከድር ያን ሰሞን ወንድሙ ታሞበት ቡታጅራ ነበር። ሲመለስ ባለቤቱ ዘይነባ አልማዝ መሞቷን ነገረችው። ልጅቷ እንዳልተረዳችም ነግሬዋለሁ ትላለች ዘይነባ። እሱ ደግሞ ያንን አልሰማሁም ይላል። በየትኛው ጆሮው በኩል ቆማ እንደነገረችው ማን ያውቃል? ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ ማህሌት ከቤት ሠራተኛቸው ጋር መጣች። እኔ ወረቀት እያባዛሁ በግድግዳው በኩል ሰማኋት።

"ጋሽ ከድር፣ መጣህ? ዛሬ የሚያስቅ ስጠኝ።"

እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈልግ ይሰማኛል። ጋሽ ከድር ሐዘን ቤት ሄዶ ምን እንደሚባል የማያውቅ ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ቃል ያጥረዋል። 

"ዛሬ ሌላ ልስጥሽ" አላት በመጨረሻ። "ስታዪ የእናትየዋን እጅ እዪ።"

ያን ፊልም ኋላ አይቼዋለሁ። እናትና ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም ከሱፍ ክር የተሠሩ። እናትየው ለልጇ ሹራብ ትሠራለች፤ ክሩን የምትመዘው ግን ከራሷ ነው። መጀመሪያ ከቀሚሷ ጫፍ፣ ቀጥሎ ከክንዷ። ሹራቡ እያደገ ሲሄድ እናትየው እያነሰች ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ ሹራቡ ያልቃል፤ እሷም የለችም። ልጅቷ ቤቱን ሁሉ ትፈልግና ሹራቡን ለብሳ ወደ ውጭ ትወጣለች። ንግግር የለውም። ጋሽ ከድር እንደሚያጽናናት አምኖ ነው የሰጣት።

ማህሌት አይታ ስትጨርስ ወደ አባቷ ዞራ "አባዬ፣ እማዬም አለቀች እንዴ?" አለችው።

ሰኞ ጠዋት ግርማ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

"ከድር፣ ማን ፈቀደልህ?"

ጋሽ ከድር ደህናውን ጆሮውን አዙሮ "ምን አልከኝ ግርማ? አልሰማሁህም" አለው።

"አልሰማሁህም? ልጄ እናቷ መሞቷን አታውቅም ነበር! እኔ አባቷ አፌን ይዤ የከረምኩትን አንተ በካርቱን ትነግራታለህ?"

መንገደኛው ቆመ። እኔም ወጣሁ። ጋሽ ከድር እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"አታውቅም?" አለ።

"አታውቅም ነበር!"

"ያ አላህ" አለ።  ግርማም ሰድቦ የሚጠግበው ነገር አጣ መሰለኝ፣ ጥሎት ሄደ።

በሳምንቱ ጋሽ ከድር የእድራችንን ዳኛ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ግርማ በሩን ከፈተ፤ አስቀመጣቸው፤ መሬት መሬት እያየ "ይቅር ብያለሁ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በእኛ ሱቅ በኩል አልፎ አያውቅም። ወደ አስፋልት ለመውጣት በወንዙ በኩል ዞሮ ይሄዳል። ማህሌትንም ፊልም ቤት ድርሽ እንዳትል ከለከላት።

ጋሽ ከድርም ከዚያ ወዲያ ለማንም ፊልም አልመረጠም። ሰው ሲመጣ ቀና ሳይል "ምን ልጫን?" ይላል፤ የተባለውን ጭኖ ፍላሹን ይመልሳል። ተስፉ ብዙ ቀን ለመነው።

"ጋሼ፣ ያንተንስ?"

"የእኔ የሚባል የለም። የጠየቅከውን ውሰድ።"

እኔ ደግሞ "ተሳስተህ ነው እንጂ ክፉ አስበህ አይደለም፤ ይህን ያህል ራስህን አትቅጣ" አልኩት።

"ጽጌ" አለኝ፣ "የመጣውን ሰው ሁሉ ከማን ጋር ነው የምታየው እላለሁ አይደል? ያን ቀን ግን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት 'ከአባዬ ጋር፣ እማዬ እስክትመጣ' ትለኝ ነበር። እስክትመጣ ካለችኝ እኮ ይገባኝ ነበር።"

 

ዓመታት ሄዱ። ሰዉ ፊልሙን በየስልኩ ማየት ጀመረ፤ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ቀጥሎ መንገዱ ሲሰፋ የእኛም ሱቆች ተነሱ። እኔ መካኒሳ አቦ አካባቢ ሱቅ ተከራየሁ። እሱ ሌላ ሱቅ አልፈለገም፤ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከዘይነባ ጋር ቤቱ ዋለ። በዒድ በዒድ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኖ ጥግ ላይ አስቀምጦታል። ስለ ፊልም ሳነሳበት ስለ ወንድሙ ጤና ያወራኛል።

አምና አንዲት ወጣት የዩኒቨርሲቲ ወረቀቷን ልታባዛ ሱቄ ገባች። ፊቴን ትኩር ብላ አየችና "ጽጌ ነሽ አይደል? እኔ ማህሌት ነኝ" አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ቀጥሎ የጠየቀችኝ "ጋሽ ከድር አለ?" ብላ ነው። የዚያኑ ቀን ሱቄን ዘግቼ ለቡ ወሰድኳት።

ሲያያት ወዲያው አወቃት። ሊነሳ ሲል እሷ በደህናው ጆሮው በኩል ተቀመጠች። የትኛው እንደሆነ አልረሳችም።

"ጋሼ፣ አውቅ ነበር እኮ" አለችው። "ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዝም ይላል። አክስቴ የእማዬን ልብስ ከቁም ሳጥን ስታወጣም አይቻለሁ። አባዬ እንዳያዝን ብዬ ነው የማላውቅ የመሰልኩት። ያን ፊልም ሳይ ግን አቃተኝ። ያን ቀን ነው ያለቀስኩት። ባላለቅስ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።"

እኔ ፊቱ የሚበራ መስሎኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

"አባትሽ ይህን ያውቃል?"

"አልነገርኩትም። ስላንተ ማውራት አይወድም።"

"እንግዲያው ለእሱ ንገሪው እንጂ ለእኔ ምን ያደርጋል? እኔ የወሰድኩት የእሱን ነው ልጄ። አጠገቡ አስቀምጦ በራሱ አፍ ሊነግርሽ ነበር። ቃሉንም አዘጋጅቶ ይሆናል። እኔ ቀማሁት።"

"ጋሼ፣ አንተ እኮ ምንም አላጠፋህም።"

"ላንቺ አላጠፋሁ ይሆናል" አለ።

ልንሄድ ስንል ማህሌት ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር አየችና "አንድ ፊልም ምረጥልኝ" አለችው። ዘይነባና እኔ ተያየን። ጋሽ ከድር ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማሁትን ጥያቄ ያኔ ሰማሁት።

"ከማን ጋር ነው የምታዪው?"

"ከአባዬ ጋር" አለች።

እጁ ጨርቁ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ አድርጎ መልሶ ሸፈነው።

"እንግዲያው አባትሽ ይምረጥ" አላት። "እሱን ጠይቂው።"

ከዚያ በኋላ አንድ ዒድ ብቻ አየሁት።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከብሎኮቹ መሀል በተጣለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ግርማ ሲመጣ አየሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። እንደ እንግዳ ሰው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። 

"ማህሌት ነግራኛለች" አለኝ። "እሱ ጋ የሄዳችሁ ዕለት ማታውኑ ነገረችኝ። አባትሽ ቃል አዘጋጅቶ ይሆናል ብሏት ነበር አሉ።"

"አዎ፣ ብሏል።"

"ምንም ቃል አልነበረኝም ጽጌ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር እንጂ አልነግራትም ነበር። 'አለቀች እንዴ' ስትለኝ 'አዎ' አልኳት፤ ሌላ ምንም አላልኳትም። ከዚያ ቀለለኝ። ይገባሻል? ሚስቴ ሞታ፣ ልጄ ፊቴ እያለቀሰች፣ እኔ ቀለለኝ። በዚያ ነው የተናደድኩት። በራሴ ነው። ሄጄ ግን እሱ ላይ ጮህኩ።"

"ለምን ይህን አልነገርከውም?"

"እዚህ ድረስ መጥቼ አውቃለሁ። ከታክሲ ወርጄ፣ ብሎኩን ጠይቄ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ ተመልሻለሁ። ሌላ ቀን እላለሁ። ሰውየው የሚሞት አልመሰለኝም።"

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን ተውኩት።

"ና፣ ለዘይነባ ንገራት" አልኩት።

ደረጃውን አብረን ወጣን። ዘይነባ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ከሴቶች ጋር ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በር ላይ የቆመውን ሰው ለመለየት ግንባሯን ቋጠረች።

"ማነው?"

"ግርማ ነው፤ የማህሌት አባት" አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችው።

"መጣህ?" አለችው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ሲጠብቅህ ነበር እኮ። ቆየህ።"

ግርማ ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። በሩ ላይ እንደቆመ፣ እጁን ፊቱ ላይ ሳያደርግ፣ ድምፁን ለቅቆ አለቀሰ። የአልማዝ ጊዜ ልጁ እንዳትሰማ አንድም ቀን እንዲህ አላለቀሰም። ቁርኣን ሲሰሙ የነበሩት ሴቶች ቀና ቀና አሉ። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ለሟች ምኑ ነው?" አለችኝ።



"ደንበኛው ነበር" አልኳት።